አስካለ የቀረችባቸው ቀናትና የእኔ ባሕረ ሐሳብ

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ራሴ ልንገራችሁ፤ አያ ይመር ካወራው ጨምሮበት ነው የሚያወራው። ልጄ ከደሴ የላከልኝ የቆዳ ጫማ ከእግሬ አንድ ቁጥር ይበልጣል። ስራመድ ተረከዜ ውስጡ እየዋኘ ድምፅ ስለሚያሰማ ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ የሚከተለኝ ይመስላል። ዛሬ የዕድር ስብሰባ ነበረንና፣ የጫማ ብሩሽ ፍለጋ በልጅ ልጄ በቤዛ አልጋ ሥር ጎንበስ ስል አንድ ካርቶን አገኘሁ። ከፈትኩት። በስስ ላስቲክ የተጠቀለሉ ነጫጭ፣ ልስልስ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ መሃላቸው ጠበብ፣ ጫፍና ጫፋቸው ሰፋ ያለ፣ ልክ በእግር መርገጫ ተለክተው የተቆረጡ። ጀርባቸው ላይ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱን ስትልጡት ይጣበቃል። «ይኸ ትውልድ ለሽማግሌ እግር ማሰብ ጀመረ!» ብዬ መረቅኩና በየጫማው ሁለት ሁለት አንጥፌ ወጣሁ።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከጥዱ ሥር ነው። አያ ይመር የድሮ የኤንትሬ ሾፌር ነው፤ ያ ከባድ የጭነት መኪና ጆሮውን ወስዶበት ምላሱን ትቶለታል። ከሩቅ አየኝና «ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ ትራመዳለህ?» አለኝ። «እግሬ ሥር ደመና ተነጥፎ ነው» አልኩት። አላመነም። ጫማዬን አወለቅኩና አንዱን ገንጥዬ ሰጠሁት። ጨመቀው፤ ጉንጩ ላይ አደረገው፤ ለሰብሳቢው አቀበለው። ሰብሳቢው ለጸሐፊው፣ ጸሐፊው ለቄሰ ገበዙ አሳለፉት። ቄሰ ገበዙ በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ፀሐይ አድርገው አዩና «የታደለ አገር ጥጥ ነው» አሉ። አያ ይመር ለጉልበቱ ሁለት እንዳመጣለት አስማለኝ። ዳቦ የሚቆርሱት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ሲወትፉ አይቻለሁ፤ በጫማዬ የቀኑ መስሎኝ እግሬን ትንሽ ወደ እነሱ ዘርጋ አደረግኩት።

ቤት ስገባ ቤዛ ካርቶኑን ፊቷ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«አባባ፣ ከዚህ ውስጥ ወስደዋል?»

«አራት ብቻ ነው። ግሩም ንጣፍ ነው፤ ለአያ ይመርም ቃል ገብቼለታለሁ።»

«የምን ንጣፍ?»

ጫማዬን አውልቄ አሳየኋት። ቤዛ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ቀጥሎ ሆዷን፤ በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሞዴስ እኮ ነው! የወር አበባ ሞዴስ! ትምህርት ቤት ላሉት ሴቶች በክበባችን የሰበሰብነው ነው።»

«ታዲያ ለአያ ይመር...»

«ለአያ ይመር ምን ሊያደርግላቸው!»

እኔን ያስደነገጠኝ ስሕተቴ አይደለም፤ ከስሕተቴ ጋር የቆየን ባልንጀሮች ነን። ያስደነገጠኝ የልጅቷ አፍ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጎረቤት በደጃፍ እያለፈ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «የወር አበባ» ስትል ልክ «የወር ደሞዝ» እንደማለት ነው የቀለላት። እኔ ይህችን ነገር ለማወቅ ግማሽ የትምህርት ዓመት፣ አንድ የተቀደደ ሱሪና ሁለት ሊቃውንት ፈጅተውብኛል።

የትኛው መንግሥት እንደነበረ አትጠይቁኝ። መንግሥት ሲመጣም ሲሄድም ከተማችን መካነ ሰላም ዜናውን የሚሰማው ከደሴ በሚመጣ መኪና ነበር፤ መኪናው ደግሞ በክረምት አይመጣም። እኔ የማስታውሰው ሱሪዬን ነው። ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ቡናማ ቦላሌ ነበረኝ። የዚህን ከተማ ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሱሪው ውስጥ ሲገባ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሱሪዬ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር። ፀጉሬን አበጥሬ፣ ማበጠሪያውን እዚያው ፀጉሬ ላይ ሰክቼ ነበር የማስተምረው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ደብተር ሃያ አምስት፣ ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ አንድ ብር ከስሙኒ። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት አንድ ቴፕ ከአንድ ካሴት ጋር ነበረች። ካሴቷ አንድ ቦታ ላይ ስለተበላች ዘፋኟ ስለ ናፍቆቷ ስትናገር ስቅ ትላለች፤ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ዜማውን ከነስቅታው ነበር የሚያንጎራጉረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደሴ ላይ ደህናውን ካሴት ስሰማ «ይኼማ ተበላሽቷል» ብዬ ተከራክሬአለሁ። ዛሬ ያቺ ሻይ ቤት የሞባይል መጠገኛ ሆናለች፤ እዚያው በር ላይ ስቆም ግን እስካሁን ስቅ ይለኛል።

የስምንተኛ ክፍል ኃላፊና የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዲያቆን ነበርኩ፤ አባቴ በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ አስተምሮኛል። ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚቆጠርበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ማለት ነው። ስለዚህ ከመምህራኑ ሁሉ በቁጥር የሚረታኝ አልነበረም፤ ደግሞም ይህንን ለማንም ሳልናገር አድሬ አላውቅም። ከአርባ በላይ ከሚሆኑት ተማሪዎቼ ሴቶቹ ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ አንዷ አስካለ ናት፤ በግድግዳው በኩል ጥግ ላይ የምትቀመጥ፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ካለ መንደር ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ የምትመጣ፣ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ። ጥያቄ ስጽፍ ጠመኔው ሳይነሳ መልሱን ታውቀዋለች። እኔ ግን መልሱን የምታውቅ ተማሪ ስታጋጥመኝ የምወድ ዓይነት መምህር አልነበርኩም፤ መልሱን ከእኔ በኋላ የምታውቅ ነበር የምፈልገው።

አንድ ቀን «አስካለ፣ ወደ ሰሌዳ» አልኳት። አንገቷን ደፋች። «ተነሺ!» አልኳት። «አልነሳም ጋሼ» አለች፤ በዝግታ ነው ያለችው። ለእኔ ያን ዘመን ክብር ማለት አንድ ሱሪና አንድ ትእዛዝ ነበር። «አንቺ ካልተነሳሽ እኔም አልቀመጥም» ብዬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ወጡ፤ እሷ ተቀምጣለች፣ እኔ ቆሜያለሁ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ጣሪያውን አያለሁ። ሆዴ ጮኸ። እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ይበልጥ አቀረቀረች። በመጨረሻ «ስለ ድፍረትሽ አስብበታለሁ» ብዬ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። ማሸነፌን ለሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ነው መቅረቷን ልብ ያልኩት። በየወሩ ሦስት ቀን ትቀራለች፤ በስም መጥሪያው ላይ በቀይ ቀለም ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። ዳይሬክተሩ፣ ኮቱን በበጋም የማያወልቅ፣ ደንብን ከደሞዝ አስበልጦ የሚወድ ሰው፣ ጠራኝና «ይህች ልጅ መቅረት አብዝታለች። በቂ ምክንያት በጽሑፍ ካልቀረበ ለሚኒስትሪ ፈተና አላስመዘግባትም፤ እስከሚመጣው ዓርብ ብቻ ነው» አለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ እናቷን ወይም አንዲት ሴት መምህር ብጠይቅ ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነኝ! ስም መጥሪያውን ቤቴ ወስጄ መቁጠር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ወር መቅረት የጀመረችው በአሥራ ሁለት ነው፤ ሚካኤል። ገባኝ አልኩ፤ የካህን ቤት ነው፣ ሚካኤልን ይዘክራሉ። በተከታዩ ወር ግን በአሥር ሆነ፤ መስቀል። ከዚያ በስምንት፤ አቡነ ኪሮስ። ከዚያ በስድስት፤ ቁስቋም። በዚህ ወር ደግሞ በአራት፤ ዮሐንስ። ይህ ቤተሰብ በየወሩ በዓል የሚያከብረው ወደ ኋላ ነው! ያውም ሁልጊዜ ማክሰኞ! አዲስ ኑፋቄ በእኛ በወሎ ቦረና አፋፍ ላይ ተነሥቶ ሳለ እኔ ብቻ ደረስኩበት። ቅዳሜን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሁለቱን ሌሊት እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። መንገድ ላይ የቀጋ እሾህ ቦላሌዬን ያዘኝና ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀደደልኝ፤ ለሃይማኖት የተከፈለ መሥዋዕት ነው ብዬ ቀጠልኩ። መሪጌታ ጥበቡ ደጃፋቸው ላይ ብራና ይፍቃሉ። እናታቸው እማሆይ ወለቱ፣ የመነኮሱ አሮጊት፣ በሩ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«መርሀባ፣ መርሀባ! የወዳጄ ልጅ! ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ መሪጌታ።

«የመጣሁት ስለ እምነትዎ ነው» አልኩ፣ የተቀደደውን ሱሪዬን በእጄ ሰብስቤ።

«እምነቴ ምን ሆነ?»

«በዓል የሚያከብሩት ወደ ኋላ ነው።»

መፋቂያውን አስቀመጡ። ያገኘሁትን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው፤ ሚካኤልን፣ መስቀልን፣ ኪሮስን፣ ቁስቋምን፣ ዮሐንስን። መሪጌታ መጀመሪያ ተቆጡ። «እኔ የምዘክረው ተክለ ሃይማኖትን ነው፤ በሃያ አራት! አባቴም አያቴም እንዲሁ!»

«ታዲያ አስካለ በእነዚህ ቀኖች ለምን ትቀራለች?»

«እናቷ ‹ትንሽ አሟታል› ትለኛለች። እኔ የሴቶችን ጉዳይ አልመረምርም» አሉና ጺማቸውን ዳበሱ። ቁጣቸው ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየሁት፤ ሊቅ ናቸዋ፣ ቁጥር ሸተታቸው። «ቆይ እስቲ። በየወሩ ስንት ይቀንሳል አልክ?»

«ሁለት።»

«ከሠላሳው ሁለት ሲነሳ ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት ማለት አራት ጊዜ ሰባት! ለዚያ ነው ከማክሰኞ የማይለቀው!»

«እንዴት አመለጠኝ!» አልኩ፤ ግንባሬን መታሁ።

«ጨረቃ እንኳ አንዴ ሃያ ዘጠኝ አንዴ ሠላሳ ነው የምትውለው። ከጨረቃ የምትፈጥን ምን በዓል ናት?» ስንጥር አንስተው መሬቱን ጠረጉና መጻፍ ጀመሩ። እኔም ተንበረከክሁ። እሳቸው የፀሐይን ቆጠራ ያወጣሉ፣ እኔ የጨረቃን። አንዴ እሳቸው ይቀድሙኛል፣ አንዴ እኔ። ከሁለታችን ጀርባ ሳል የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ሳል አልነበረም። የእማሆይ እንዝርት ከእጃቸው ወድቆ እየተንከባለለ ነው።

«ኧረ ሊቃውንት ናችሁ፣ ወላሂ!» አሉ እማሆይ። መነኩሲት ሆነው ወላሂ ማለታቸው አይግረማችሁ፤ የወሎ ሰው ናቸው። «አንዱ ስምንት ልጅ ወልዷል፤ አንዱ የመንግሥት ደሞዝ ይበላል። ሁለታችሁ ተደፍታችሁ ለልጂቱ አደፍ ዝክር ልትደግሱለት ነው!»

መሪጌታ ስንጥሩን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ። «ብራናው ደረቀብኝ» አሉና ተነሥተው ሄዱ፤ ብራናው ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

እኔ እዚያው እንደ ተንበረከክሁ ቀረሁ። አየ ትምህርት! ነገሩን እኮ በግዕዝ አውቀዋለሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ተጽፏል፤ «ልማደ አንስት» ይባላል፤ በልጅነቴ በቃሌ አነብንቤዋለሁ። በግዕዝ የማውቀው ነገር በእኔ ክፍል፣ በግድግዳው በኩል፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይማራል ብዬ ግን በአማርኛ አስቤ አላውቅም።

«አንተ ልጅ፣ ወዲህ ና» አሉኝ እማሆይ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል። «ትምህርት ቤታችሁ ሽንት ቤቱ በር አለው?»

«ጆንያ አለው።»

«ውሃስ?»

«ምንጩ ታች ነው።»

«እንግዲያው በዚያ ቀን በምን ጉልበቷ ትምጣልህ? ያን ዕለት ተነሺ ያልካት፣ ቀሚሷ ተበላሽቶ ነው ያልተነሳችው። ትምህርት ቤቱ ጭር እስኪል ድረስ ከዚያች ወንበር አልተነቃነቀችም። ምሳዋን ሳትበላ፣ ሽንቷን ሳትሸና! ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮባታል፤ አባቷ ‹ሚኒስትሪዋን ትፈተን› እያለ ነው የመለሳቸው። እናንተ አትፈተንም ካላችኋት በምን አፉ ይመልሳቸው?»

ቀና ስል ከጓሮ በኩል የውሃ እንስራ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የቀሚስ ጫፍ ወደ ገብሱ ማሳ ሲሮጥ አየሁ። አስካለ ሁሉንም ሰምታለች። የሒሳብ መምህሯ ከአባቷ ጋር ተደፍቶ ምን ሲያሰላ እንደነበር ሰምታለች። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን ስወርድ ሱሪዬ መቀደዱን ረስቼው ነበር።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ይኸኛው መቅረት በእኔ ነው፤ ከማንም ወርና ከማንም ጨረቃ ጋር አይገናኝም። ዳይሬክተሩ «ዓርብ ደረሰ» ይለኛል። ረቡዕ ጠዋት እማሆይ ወለቱ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ልጅቱን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ዕድሜ! «አብሽር፣ አምጥቼልሃለሁ» አሉኝ። «ማስቀመጡ ያንተ ፋንታ ነው።» አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ገባችና ጥጓ ላይ ተቀመጠች። አንገቷ ከጠረጴዛው ሊያያዝ ምንም አልቀረውም።

ምን ልበላት? ይቅርታ ብላት አርባ ልጅ «በምን ምክንያት?» ይላል። ጠመኔውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ስሙ» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ክፍለ ጊዜ ጥያቄ የሚመለሰው ተቀምጦ ነው። የሚነሳ የለም። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እናንተ ንገሩኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ መነሳት ብፈልግስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ብትፈልግም አትነሳም!»

ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ ስንፍናቸው በሕግ የጸደቀላቸው መሰላቸው። ጥያቄ ጻፍኩ። ከዚያ ከግድግዳው በኩል፣ ከነጠላው ውስጥ፣ «ሠላሳ ስድስት» የሚል ድምፅ መጣ። ልክ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ሠላሳ ስድስት ስጽፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዓይኔ ውስጥ ጠመኔ ገብቶ ነው እንበል።

ቀጥሎ የዳይሬክተሩ ወረቀት ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ፤ በአማርኛ ልጽፈው ብዕሬ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ «ተማሪ አስካለ በእንተ ልማደ አንስት ኢመጽአት» ብዬ በግዕዝ ጻፍኩት፤ በሴቶች ልማድ ምክንያት አልመጣችም ማለት ነው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ግዕዝ አያውቅም፤ አላውቅም ማለትም አያውቅም። «ጥሩ» አለ። «ጠንካራ ምክንያት ነው። እንዲህ ብለህ ከመጀመሪያው ብታቀርበው ኖሮ!» ማኅተሙን ረገጠበት። የነፍስ አባቱ ከተረጎሙለት በኋላ ለአንድ ወር ሰላምታ ነሥቶኛል፤ አስካለ ግን ተመዝግባ ነበር።

የስፖርት ዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሴቶቹ ሰጠኋቸው፤ ውስጡ ያለው አንድ የተነፈሰ ኳስ ብቻ ነበርና ማንም አልተከራከረኝም። ውሃ በበርሜል አስሞላን። ለሽንት ቤቱ የተሰነጠቀውን የድሮ ሰሌዳ በር አድርጌ መታሁት፤ ያልተፈታ የክፍልፋይ ጥያቄ ተጽፎበት ስለነበር ሴቶቹ ገብተው ሲወጡ መልሱን በጠመኔ ጽፈውበት አገኘሁ። ዛሬ ቤዛ እንደምትለኝ በሩ የብረት ነው፣ ውሃው ግን እንደ ትልቅ ሹም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። እናም እነሱም በጀሪካን ይቀዳሉ። ሞዴስ የሚባል ያኔ በዓይናችን አላየንም፤ ንጹሕ ጨርቅ ነበር የሚያስፈልገው። ስለዚህ አቡጀዲ ልገዛ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። የሱቁ ባለቤት ሼኽ፣ ደግ ሰው፣ «ምን ያህል ክንድ?» አሉኝ። እኔ ለምን እንደሆነ እንዳይጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሃያ» አልኩ። ሃያ ክንድ ነጭ አቡጀዲ፣ አንገቱን የደፋ ሰው! ሼኹ ቀስ ብለው ቀደዱልኝ፣ እጄን ያዙና «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። እኔም ቶሎ ልውጣ ብዬ «አሜን» አልኩ።

ሃያ ክንድ አቡጀዲ ለመግነዣ እንደሚገዛ የገባኝ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛ የተከራየኋትን ክፍል ሲሞላት ነው። አያ ይመር፣ ያኔ ጎረምሳ፣ ደረቱን እየደቃ ገባ። «ማን ነው? ማን ነው የሞተብህ?» ይለኛል። ጨርቁ ለማን እንደሆነ ከምናገር አንድ ሰው መግደል ቀለለኝ። «የወረኢሉዋ አክስቴ» አልኩ። አክስቴ እትዬ ብርቄ በዚያች ደቂቃ ወረኢሉ ላይ በሬ እየተደራደረች ነበር። ሰው አለቀሰላት፤ ስለ ደግነቷ ተነገረ፤ እኔ ራሴ ሳላውቀው እንባዬ መጣ። ለነገሩ ደግ ሴት ናት። ሴቶቹ ተማሪዎችም ሊያጽናኑኝ ሲመጡ ጨርቁን በጎን ሰጠኋቸው። አስካለ ስትቀበለኝ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ የምታዝንልኝ መስሎኝ ሳያት ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቀና ብላ ስታየኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

የቀሩባትን ትምህርቶች በየቅዳሜው ላሟላላት ቃል ገባሁ። መቶኛውን ጨረስን፣ ክፍልፋዩን ጨረስን፣ ወለዱን ጨረስን። የክበብ ስፋት ብቻ ቀረ። በቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ስወጣ አንድ ኤንትሬ መጥቶ ቆመ፤ ከፊት ወንበሩ ላይ እትዬ ብርቄ ሳቅ እያለች ወረደች፤ ዶሮ ይዛልኛለች። አያ ይመር ያኔ የመኪናው ረዳት ነበር። «እናትዬ፣ ወረኢሉ የማን ዘመድ ነዎት?» ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲጠይቃት መጥቶ፣ እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የዋልኩት አክስቴን ከለቀስተኞቿ ስደብቅ ነው። አስካለ በባዶው ክፍል ውስጥ ጠብቃኝ፣ ጠብቃኝ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ሆነ።

ፈተናው ላይ አንድ የጉድጓድ ክዳን መጣ። ክብ ነው፤ ስፋቱን ፈልጉ ይላል። አስካለ ከሒሳቡ ያቺን ብቻ ሳተች፤ ሌላውን ሁሉ አገኘች። አለፈች፤ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ መሪጌታ «ደሴ ልትማር ሄዳለች» አሏቸው። ነርስ ሆና፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትመለስ ያው መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋት። እኔ ሰላምታ ሳስብ እሷ «ጋሼ፣ የክበብ ስፋት አለብዎት» አለችኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ። ስንት ሕፃን አዋልዳ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ መንገድ ላይ ስታየኝ መቋሚያዋን ታነሣና ታስቆመኛለች። በለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ በሠርግም ቢሆን አትምረኝም። «ሌላውን ሁሉ አሟልተዋል ጋሼ። ያቺ አንዷ ቀርታለች።» ባለፈው ሳምንት ተደብቄ የቤዛን የሒሳብ መጽሐፍ ከፈትኩ። ሦስት ነጥብ አሥራ አራት የሚል ነገር እንዳለበት ትዝ አለኝ፤ በምን እንደሚባዛ ግን ጠፍቶኛል። አንድ ሁለት ሰዓት ብቀመጥበት ይመለስልኝ ነበር። ደግሞ ቆም ብዬ ሳስበው፣ ካስተማርኳት በኋላ በየመንገዱ በምን ሰበብ ታስቆመኛለች? መጽሐፉን ዘጋሁት።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ደግሞ ያዘችኝ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።